ከውሃው ማዶ አራት ቀን

ጥር 7፣ ረቡዕ

ይህ ደብተር የእንዳልክ ወንድምአገኘሁ ነው። ወድቆ ያገኘው ይመልስ፤ ያነበበው ያድንቅ፤ ፊደል ላርም የሚል ካለ መጀመሪያ እኔን ያናግር።

የማታ ትምህርቴን ትናንት ጨረስኩ። እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ አሥር ወር፣ በሳምንት ሦስት ማታ። ሃያ ሁለት ሆነን ጀመርን፤ ዘጠኝ ሆነን ጨረስን፤ ከዘጠኙ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። አስተማሪያችን ፅዮን ደረጃ የሚባል አልሰጠሁም ትላለች። እሷ ባትሰጥ እኔ ሰጥቻለሁ። አማርኛውን ጠጥቼዋለሁ፤ እንግሊዝኛውንም እያኘክሁት ነው።

«ጋሽ እንዳልክ፣ እንዳይጠፋብዎ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጻፉ» ብላ ይህን ደብተር ሰጠችኝ። ትንሽ መጻፍ አልችልበትም። የስድሳ ሁለት ዓመት ውዝፍ አለብኝ።

ሥራዬ ዴንቨር ኤርፖርት መንገደኞችን በዊልቸር መግፋት ነው፤ ሃያ አራት ዓመት ሆነኝ። የመሳፈሪያ ጌቶቹን በቁጥር አውቃቸዋለሁ፤ ቁጥር ድሮም አልበገረኝም። አሁን ግን ከቁጥሩ በላይ ያለውን የከተማ ስም አነባለሁ። ዛሬ አንዲት ባልቴት ስገፋ ከጥግ እስከ ጥግ ያለውን ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«የት እንደምሄድ እኮ አውቃለሁ» አለችኝ።

«እኔም ዛሬ አወቅሁ» አልኳት።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ትናንት ማታ ቤት ውስጥ ለእኔ ግብዣ ነበር። ባለቤቴ ወይንሸት ዶሮ ሠራች። ልጄ ሔቨን ከሆስፒታል ሥራዋ በቀጥታ መጣችና ፖስታ ሰጠችኝ። «ባባ፣ ራስህ አንብበው፤ ጮክ በል» አለችኝ።

ተነሥቼ ቆሜ አነበብኩ። ዴንቨር። ለንደን። ከዚያ በባቡር፣ ሊ፣ ቨር፣ ፑል።

ከፋሲካ በኋላ፣ አራት ቀን፣ ሦስታችን። ለምረቃዬ ነው። «ልጅ ሆኜ ስትነግረኝ የነበረውን ሁሉ ታሳየኛለህ። ዩ አር ዘ ጋይድ» አለችኝ፤ አስጎብኚው እኔ ነኝ ማለቷ ነው። ወይንሸት አጨበጨበች። እኔ ሳቅሁ፤ ጎረቤት እስኪሰማ ሳቅሁ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ትንሽ ቆየሁ። ደስታ እንዲህ ያደርጋል።

ለማያውቅ ልጻፈው። በ1977 ዓ.ም. የእኛው ሰንደቅ ዓላማ የሚውለበለብበት የጭነት መርከብ ላይ የወጥ ቤት ረዳት ነበርኩ። ሊቨርፑል አራት ቀን ቆምን። ያቺ ከተማ አራት ጎረምሶች ጊታር ይዘው ተነሥተው ዓለምን ያስጨፈሩባት ከተማ ናት። ወረድኩ። ምድር ቤት ያለ ጭፈራ ቤት ገባሁ፤ ደረጃ፣ ጡብ ግድግዳ፣ ከጣሪያው ላብ ይንጠባጠባል። ቀይ ካፖርት የለበሰች ጠና ያለች ሴትዮ እጄን ይዛ ዳንስ አስተማረችኝ። ስንለያይ የካፖርቷን ትልቅ ጥቁር አዝራር በጥሳ «እንዳትረሳኝ» ብላ ሰጠችኝ። አዝራሩን ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል የሚባለው ሰፈር ስንኖር ጠፋብኝ።

ይህን ታሪክ ኦሮራ ውስጥ የማያውቅ ሐበሻ ካለ ትናንት የመጣ ነው።

ጥር 16፣ ዓርብ። ሥራ ቦታ፣ ብሬክ ላይ።

ሔቨን ቴክስት አደረገች። ወደ ጭፈራ ቤቱ የሚያስወርደው ደረጃ ስንት ነበር? ቦታውን ከኢንተርኔት እየፈለገች ነው። አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። በራሴ ጣት፣ በፊደል። ወዲያው መለሰች፦ «ልጅ ሆኜ አሥራ ስምንት ነበር የምትለኝ።»

ሰው ሲያረጅ ደረጃ ይበዛበታል እንጂ ያንስበታል እንዴ። ልጅቷ ነርስ መሆኗ ቀርቶ መርማሪ በሆነች።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ወሬው ኤርፖርት ደርሷል። አብሮኝ የሚገፋው ረሻድ ሊፍቱ ጋ ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ሊቨርፑል ሊሄዱ ነው አሉ። ስታዲየም ትኬት ተገኘ?»

«ለኳስ አይደለም።»

«ታዲያ ሰው እዚያ ለምን ይሄዳል?»

«ለሙዚቃ። እናንተ ሳትወለዱ የጨፈርኩበት ከተማ ነው።»

«እስቲ አንዴ ያሳዩን» አለ ተንኮለኛው። ባዶ ዊልቸር ይዤ አንድ ዙር ዞርኩለት። «እሱ ፓርኪንግ ነው ጋሼ፣ ዳንስ አይደለም» ብሎ ሠራተኛውን ሁሉ አሳቀብኝ። ይሳቅ። የሚቀናበት ሰው ነው የሚሳቅበት።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ዛሬ ታሪክ ተሠርቷል። እንግሊዝ ለመግባት በስልክ የሚሞላ ፈቃድ አለ። ሔቨን «ልሙላልህ» ስትል ስልኩን ነጠቅኋት። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ማንም አልረዳኝም። ወንድምአገኘሁ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ባቡር ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ግን አስገባሁት። በማግሥቱ መልስ ይመጣል ቢሉም በሃያ ደቂቃ ተፈቅዷል የሚል መጣ። እነሱም ማንን እንደሚያስገቡ ያውቃሉ።

ዜግነት የወሰድኩ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልኮራሁም። ያኔ ፈታኙ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጥሃል፣ ታነባለህ። እኔ ዓረፍተ ነገሮቹን በመልካቸው ነበር ያጠናኋቸው፤ ይኼ ረጅም ነው፣ ይኼ መጨረሻው ላይ ጅራት አለው እያልኩ። እግዚአብሔር ጅራት ያለውን ሰጠኝ።

ስም ስሞላ የመርከቡ መዝገብ ትዝ አለኝ። ወደ ከተማ የሚወርድ ሁሉ ከመርከቡ መውረጃ መሰላል ጫፍ ላይ ስሙን፣ የወጣበትን ሰዓት፣ የሚመለስበትን ሰዓት የሚጽፍበት ትልቅ መዝገብ። እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ ፈራሚ ነበርኩ።

የካቲት 9፣ እሑድ

ሔቨን ሆቴሉንና ባቡሩን ቡክ ማድረግ ጀምራለች። የጠረጴዛ ልብስ የሚያህል ካርታ ዘረጋች። «መርከባችሁ የት ነበር የቆመው?» አለችኝ። ጣቴን ወንዙ ላይ አደረግሁ። «የትኛው ዳር ባባ?» አለች። ውሃ ጠማኝ ብዬ ተነሣሁ።

ለምን ላስ ቬጋስ አንሄድም ብዬ ነበር። ሙዚቃ እዚያም አለ። አልሰሙኝም። ጉልበቴን አሞኛል አልኩ።

«ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገፋ የሚውል ጉልበት?» አለች ወይንሸት።

«ኖ ፕሮብሌም፣ ዊልቸር እናዝልሃለን» አለች ልጄ።

እንዳልክን በዊልቸር። ከዚያ በኋላ ስለ ጉልበቴ አላነሣሁም፤ ወደፊትም አላነሣም።

ሔቨን የልጅነት የትምህርት ቤት ደብተሯን አውጥታለች። ያኔ በእንግሊዝኛ የጻፈችው ነው፦ «አባቴና ሊቨርፑል»። የማልወደው ነገር ቢኖር ማስረጃ የሚያስቀምጥ ልጅ ነው።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ሌክውድ ሄጄ መጣሁ። መስፍን ጋ። መርከብ ላይ እሱ ሞተር ክፍል ነበር፤ አሜሪካ ስንገባ ደግሞ እዚያው ካፒቶል ሂል፣ ኮልፋክስ መንገድ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ኖረናል። ሻይ ቀዳልኝና ገና ሳልቀመጥ፣ «ሰማሁ፤ ልትወርድ ነው አሉ» አለኝ።

እንግዲህ ደብተሬ፣ አንተም ካወቅህ አይቀር። ታሪኩ የመስፍን ነው። ደረጃውን የወረደው እሱ፣ የጨፈረው እሱ፣ አዝራሩን የተቀበለው እሱ። ካፒቶል ሂል ወይንሸት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ስትመጣ የምናገረው አጣሁና ጀመርኩት። መስፍን አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። አዝራሩ ጋ ስደርስ ሻዩ ትን አለው።

«ደረጃው ስንት ነው?» አልኩት ዛሬ።

«ማን ቆጠረ። ስወርድ ቸኩዬ ነው፤ ስወጣ ሰክሬ ነው።»

«ልጅቷ ልትገድለኝ ነው።»

«ስማ፣ ታሪኩን ውሰደው ብዬሃለሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ለብሰኸው፣ ክርኑን ጨርሰህ፣ አሁን ልትመልስልኝ ነው?» ብሎ ተነሣና ከቁም ሣጥኑ አንድ የሳል ከረሜላ ቆርቆሮ አመጣ። ውስጡ አዝራሩ አለ። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ቀይ ክር የተንጠለጠለበት። «ጠፍቶብኝ ነበር፣ ተገኘ በላቸው። ከዚህ በኋላ የሚጠይቅህ የለም።»

ተቀበልኩት። ጥፋት አይደለም፤ የሰጠኝ ባለቤቱ ነው።

መጋቢት 5፣ ዓርብ። ብሬክ።

አዝራሩ ኪሴ ውስጥ ነው። ጠዋት ላሳያቸው አልኩ፤ ሔቨን ተኝታ ነበር። ማታ ላሳያቸው አልኩ፤ ወይንሸት ጾም ላይ ናት፣ በጾም ምን አለኝ።

ዛሬ ወደ ለንደን ጌት የገፋኋቸው ሽማግሌ «እንግሊዝ አገር ሄደህ ታውቃለህ?» አሉኝ። «ብዙ ጊዜ» አልኩ። ዳግመኛ የማላገኛቸው ሰው ናቸው። ለእሳቸው እንኳ ምን ሊያደርግልኝ ዋሸሁ?

መጋቢት 14፣ እሑድ

ምሳ ላይ ሔቨን ያንን ደብተሯን ከፍታ ታነብልን ጀመር። የሁለት ወፎች ሐውልት ከትልቁ ሕንፃ ጫፍ ላይ፤ ጠዋት ጉም ሲነሣ መጀመሪያ አንደኛዋ፣ ቀጥሎ ሌላዋ ብቅ ስትል፤ ትንሿ የሰው ጀልባ ወንዙን እየተሻገረች ስትመላለስ፤ ማታ መብራቱ ውሃው ላይ ሲረዝም።

አነበበችና ቀና አለች። «ባባ፣ ይሄንን ፎቶው ላይ አየሁት፤ ኤግዛክትሊ እንዳልከው ነው። ግን ሁሉም ከውሃው ማዶ ነው የሚታየው። ከተማው ውስጥ ሆነህ ያየኸው ጭፈራ ቤቱን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በየጊዜው ደረጃው ይለያያል።»

ወይንሸት ሹካዋን አስቀመጠች።

እጄ ኪሴ ገባ። አዝራሩን አወጣሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አፌ «ይኸው ተገኘ» ሊል ተዘጋጅቶ ነበር። የወጣው ግን «ይሄ የመስፍን ነው» የሚል ነው።

ነገርኳቸው። የጨፈረው ማን እንደሆነ፣ የማን ታሪክ እንደሆነ። ወይንሸት ሰማችና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀች ነው።

«አንተ ዳንስ? በሠርጋችን ቀን ሚዜህን ረግጠህ ያስነከስክ ሰውዬ? ያን ዕለትም መስፍን ሻይ ትን ሲለው አይቼዋለሁ።»

«አውቀሽ ነው ያገባሽኝ?»

«አወራርህን ወድጄ ነው።»

ሔቨን ግን አልሳቀችም። «ኦኬ። አንተስ ለምን አልወረድክም?» አለች።

«ሆዴን አሞኝ ነበር» አልኩ።

«አራት ቀን?»

«አራት ቀን።»

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ዛሬ ከሥራ ኦፍ ነኝ። ቤቱ ባዶ ነው። አሁን አልቀልድም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ እኔ ማታ ማታ ዳማ ስጫወት ቀበሌው ፈተና አወጀ። ያልተፈተነ ወረቀት አያገኝም፤ ወረቀት የሌለው ሥራ አያገኝም። ታናሽ ወንድሜ በስሜ ገብቶ ተፈተነልኝ፤ መልካችን ይመሳሰላል። ዘጠና ሁለት አመጣሁ። በዚያ ወረቀት መርከብ ላይ ተቀጠርኩ። ቢታወቅ ከሥራ እባረራለሁ፣ ወንድሜም ይታሰራል። ስለዚህ መነጽር ገዛሁ፤ ቁጥር የሌለው፣ ተራ መስታወት። የሚነበብ ነገር ሲመጣ መነጽሬን ረስቼ ነው እላለሁ።

መዝገቡ ላይ የሚጽፍልኝ መስፍን ነበር። «እጄ ሽንኩርት ነክቷል፣ የእኔንም ጻፍልኝ» እለው ነበር። በየወደቡ እጄ ሽንኩርት እንደነካ ነው። ሊቨርፑል ስንደርስ ግን አዲስ መኮንን መሰላሉ ላይ ቆመ። እያንዳንዱ በራሱ እጅ ይጻፍ አለ። መስፍን ከፊቴ ነበር። ጫማዬን በዘይት ወልውያለሁ፣ ሸሚዝ ተውሻለሁ። መስፍን ጻፈና ብዕሩን ወደኔ አዞረ። ብዕሩን አየሁት። ከኋላዬ ሰባት ሰው ቆሟል። ሆዴን ያዝኩ።

መርከቡ የቆመው ከከተማው ማዶ ነበር። አራት ቀን ድንች ልጬ፣ አራት ቀን በወጥ ቤቱ ክብ መስኮት ወፎቹን አየሁ። ማታ መስፍን ሲመለስ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ ሁሉንም ይነግረኛል። ለምን እንዳልወረድኩ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም።

ሰው ስሙን መጻፍ ባለመቻሉ አንድ ከተማ ያህል ነገር ያልፈዋል። ፅዮን ትንሽ ትንሽ ይጻፉ ያለችው ይህን መሆን አለበት።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ሔቨን ትናንት ይህን ደብተር ጠረጴዛ ላይ አገኘችው። ገልጣ አየች፣ አገላበጠች። እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። በቤታችን ማንበብ የማይችል ሰው እሷ ሆና ቀረች።

«ምን ይላል ባባ?»

ተቀምጬ የማክሰኞውን አነበብኩላት። ከላይ እስከ ታች፣ በጣቴ ሳልከተል። ወይንሸት ወጥ ቤት ቧንቧውን ዘግታ ትሰማ ነበር። ስጨርስ ልጄ ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ከደነችው።

«መነጽርህ ቁጥር እንደሌለው እኮ አውቃለሁ» አለች። «ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አድርጌው አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ነው የትምህርት ቤቱን ወረቀት ሁሉ ጮክ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት።»

እኔ ደግሞ ጮክ ብላ የምታነበው ለመለማመድ ይመስለኝ ነበር። ጎበዝ እላት ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን ራሴን አመመኝ፣ ዝቅ አርገሽ አንብቢ ብዬ ተቆጥቻታለሁ።

ጠዋት ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «ባባ፣ ከፈለግህ ቦታውን መቀየር እንችላለን። ሌላ ከተማ፣ ኢት'ስ ኦኬ» አለችኝ።

አንድ ጌት እንኳ አይቀየርም አልኳት። ሆቴሉን ግን ቀይሪ። ከውሃው ማዶ ይሁን። ጋይዱ እኔ ነኝ።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ዕቅዱን እኔ ጻፍኩት፤ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። የባቡር ጣቢያ ስም፣ የጀልባው ሰዓት፣ ሁሉ በእጄ ጽሑፍ። ወይንሸት ሁለተኛው ቀን ላይ «እረፍት» ብላ ጨመረች፤ «በዓይኑ ዕ ነው የሚጻፈው» ብዬ አረምኳት። እስከ ማታ አላናገረችኝም። ደስ ሲል።

አዝራሩን ለመስፍን መለስኩ።

«ያለማስረጃ ልትሄድ ነው?» አለኝ።

«የራሴን ይዤ እመጣለሁ።»

«ከማን ካፖርት ልትበጥስ?»

«አይሆንም ያለ ይኖራል እንዴ» አልኩት። ሲሸኘኝ መኪናዬ ድረስ መጣ። በሩን ዘጋልኝና በመስኮቱ፣ «ያኔ ብዕሩን ስሰጥህ እጅህን ብይዝህ ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ» አለኝ። ሞተር አስነሣሁ። መልስ ጠፍቶት ነው እንዳትሉ፤ ሪቨርስ እያደረግሁ ስለነበር ነው።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ። ኤርፖርት።

ቸኩያለሁ። ረሻድ ዊልቸር ይዞ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ይቀመጡ።» አልቀመጥም አልኩ። በእግሬ፣ ሁሉንም ሰሌዳ እያነበብኩ አለፍኩ። «ዳንሱን ቪዲዮ ይላኩ» አለ ከኋላዬ። «ዳንስ አልችልም፤ የጨፈረው ጓደኛዬ ነው» አልኩት ሰው ሁሉ እየሰማ። አላመነኝም። እውነት ስናገር የማያምነኝ ሰው ማፍራቴ ነው።

ጌቱን ወይንሸት ጠየቀችኝ። ቁጥሩን አልነገርኳትም። ለንደን ብዬ አነበብኩላት።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ጀልባው ሊመጣ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። እንጨት ወንበር ላይ ነኝ፤ ደብተሩ ጉልበቴ ላይ። ነፋሱ ገጹን ይገለብጥብኛል፤ ወይንሸት በክርኗ ያዘችልኝ። ሔቨን ስልኳን ደግናብኛለች። ከሆቴሉ እስከዚህ ሦስት ጊዜ መንገድ መረጥኩ፤ አንዱን ተሳስቻለሁ፤ ሰሌዳውን ደግሜ አንብቤ ራሴ መለስኳቸው።

ጉሙ ተነሣ። ከማዶ መጀመሪያ አንደኛዋ ወፍ፣ ቀጥሎ ሌላዋ። አርጅተዋል እንዳልል፣ እኔን አይተው ነው የሚስቁት።

ከፊቴ ማንም ብዕር ይዞ አልቆመም። መዝገብ የሚጠይቅ የለም። ቢሆንም አርባ ዓመት ባዶ የቆየ መስመር አለኝ፣ ልሙላው።

ስም፦ እንዳልክ ወንድምአገኘሁ።
የወጣበት ሰዓት፦ ጠዋት 4፡20።
የሚመለስበት ሰዓት፦ ደስ ሲለኝ።